ቆቅና የዳማከሴው ቅጠል

ተረቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

የቆቅን አንድያ ጫጩት ምች መታትና ሰውነቷ እንደ ፍም ጋለ። መድኃኒት አዋቂዋ ዔሊ፣ «ዳማከሴ ቆርጠሽ አሺያት። ታዲያ እስክትመለሺ ድምፅሽ እንዳይሰማ፤ ከተናገርሽ መድኃኒቱ ይረክሳል» አለቻት።

ቆቅ ጫጩቷን ሣር ውስጥ ሸሽጋ ሄደች። ቅጠሉን በክንፏ ሥር ይዛ ስትመለስ ሸለመጥማጥ መንገድ ላይ አገኛት።

«እመት ቆቅ፣ ልጅሽን ለማን ትተሽ ነው?»

ቆቅ ዝም አለች። ሸለመጥማጥም ገባውና ቀድሟት ወደ ሣሩ ሮጠ።

ቆቅ ጭንቅ ያዛት። ብትጮህ መድኃኒቱ ሊረክስ ነው፤ ዝም ብትል ልጇ ልትበላ ነው። በመጨረሻ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። ጎረቤቶቿ ቆቆች ከየቁጥቋጦው ግር ብለው ሲነሡ ሸለመጥማጥ ደንግጦ ሸሸ።

የረከሰውን ቅጠል ጨምቃ ልጇን አሸቻት፤ ሌላ ምን ታድርግ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጫጩቷን ላብ አጠመቃትና፣ «እማ፣ ራበኝ» አለች።

ቆቅ ወደ ዔሊ ሮጠች። «እትዬ ዔሊ፣ ልጄ ዳነች። ግን እኮ መንገድ ላይ ጮኼ ነበር።»

ዔሊ ግራ ቀኟን አየች።

«በይ እሱን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችና አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ሰበሰበች።