ከጫማው ጋር ደጅ የሚቀረው እግር

አንድ ሰው ነበረ፤ ግንበኛ። የቀኝ እግሩን የፊት ግማሽ ከነጣቶቹ ድንጋይ ወሰደበት። ተረከዙ ቀረለት። ቁስሉ ዳነ፤ ሰውየው ግን ቤተ ክርስቲያን መግባት ተወ። ለምን? ሲገባ ጫማ ይወለቃላ። ጫማ ሲወለቅ ደግሞ ያ ይታያል።

ስለዚህ ቅጥሩ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። ሰዎች ምን አሉ መሰላችሁ? «እንዴት ያለ ትሑት ነው» አሉ። እሱም አላስተባበለም። ምስጋና ማን ይጠላል?

በመጨረሻ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት ሄደ። ባለሙያዋ ወይዘሮ የሺመቤት ሁለት ዓይነት አወጣችለት። አንዱ ጫማ ውስጥ ገብቶ የጎደለውን የሚሞላ መደገፊያ ነው። ሌላው ጣትም ጥፍርም ያለው፣ እስከ ባት ወጥቶ የሚታሰር ጠንካራ እግር። የሰውየው ዓይን ጥፍሮቹ ላይ ቀረ።

«ይኼኛው ይሁንልኝ። ካልሲ ካጠለቅሁበት የወለደችኝም አትለየውም።»

«የት ሊሄዱበት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«እንግዲያው ያጥልቁትና እስቲ ይስገዱ።»

ጎንበስ አለ። ቁርጭምጭሚቱ ታስሯል፤ አይታጠፍም። እመሀል ቀረ፤ አልሰገደም፣ አልቆመም። ክንዱን ይዛ አቃናችው።

«ይኼ ቁርጭምጭሚቱ ለደከመ ነው፣ አባቴ። የእርስዎ ጤነኛ ነው። በዚያኛው ደህና አድርገው ይራመዳሉ።»

«ያኛውማ ከጫማው ጋር ደጅ ሊቀር ነው።»

«እሱ ይቀራል። እርስዎ ግን ይገባሉ።»

እሑድ በሩ ላይ ጫማውን ከነመደገፊያው አወለቀ። በር ጠባቂው ጋሽ ደርበው ጫማውን አነሡ፤ ውስጡን አዩ፤ ቀጥሎ እግሩን አዩ። ሰውየው ትንፋሹን ዋጠ።

«የአንተስ ጫማ አያሳስብም» አሉት። «የወሰደው ሌባ ራሱ ይቅርታ ብሎ ይመልሰዋል። ግባ፣ ወንጌሉ ሳይነበብ።»

ሳቅ አመለጠው። በተረከዙ እየረገጠ ገባ። ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፤ ግንባሩ መሬት ነካ። ማን አየው? ማንም። የሁሉም ግንባር መሬት ላይ ነበራ።

እናንተስ ወገኖቼ? ለመታየት ብላችሁ ያጠለቃችሁት፣ መስገድ ግን የከለከላችሁ ምንድን ነው? ማዕረግ ነው? ሰው ሲጠይቃችሁ «ደህና ነኝ» የምትሉት ነገር ነው? ደጁ አውልቁ ይላል እንጂ ጣት ቁጠሩ አይልም። ምንም ሳይጎድለው የመጣ ማን አለ? እኔ ከዚህ ሆኜ ሳያችሁ አንድም አልታየኝም፤ እናንተም ከዚያ ሆናችሁ ስታዩኝ እንደዚያው ነው። እንግዲህ ተንፍሱ። ጉድለታችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ቦታ አለ።