ጣሳ ውስጥ የዘለለው ወታደር

ተረት ላውራ? «አውራ» በሉኝ እንጂ! እሺ፣ ዝም ብትሉም አወራለሁ፤ ጀምሬያለሁና።

በድሮ ጊዜ፣ ብዙም ባልራቀ ድሮ፣ ጋሽ ይርዳው የሚባል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሠዓሊ ነበር። እጁ ትልቅ፣ ግድግዳው ትልቅ፣ የሚሥላቸው ቅዱሳንም ትልልቅ ነበሩ። ዐይናቸው ብርቱካን ያክላል፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የታየ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት የጠጅ ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘርፈሽዋል ሠላሳ ሁለት የሰንጠረዥ መጫወቻዎች በሰፌድ ይዛ መጣች። ወታደሮች፣ ፈረሰኞች፣ ዝሆኖች፣ ሁለት ነገሥታት፤ ሁሉም ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው። ጠራቢው ጎበዝ ስለሆነ የነጠላቸው ሽብሽብ፣ የጢማቸው ጥቅል ሳይቀር ተሠርቷል። ቁመታቸው ግን ከአውራ ጣት አይበልጥም።

«ይርዳው፣ የወንዝ ማዶው ሽማግሌና የእኛው ሰፈር ሽማግሌ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይጋጠማሉ» አለች። «ግማሾቹን ቀይ፣ ግማሾቹን አረንጓዴ አድርግልኝ። የሁለቱም ዐይን ደክሟል፤ ፊታቸው ከሩቅ ይለይ።»

«ባይደርስስ፣ እትዬ?»

«በጠርሙስ ክዳን ይጫወታሉ። እነዚህ ደግሞ እንጨት ናቸው፤ እንጨት እኔ ቤት ቦታው የታወቀ ነው።» ወደ ምድጃዋ አቅጣጫ በአገጯ አመለከተች።

ይህን ሠላሳ ሁለቱም ሰሙ። እንጨት ሆኖ ምድጃ የሚለውን ቃል የማይሰማ የለም።

ጋሽ ይርዳው ቀባ። ግድግዳ እንደሚቀባው፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ወፍራም አድርጎ ቀባ። ለቀዩ ንጉሥ፣ ንጉሥ ነውና፣ እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛ ቀለም ደረበለት። ሌሎቹ ፀሐይ ላይ ደረቁ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አያቸው።

ፊት የለም። ሽብሽብ የለም። ጢም የለም። ቀዮቹ በርበሬ፣ አረንጓዴዎቹ ቃሪያ መስለው ተደርድረዋል።

«ለእኔ ተዉት!» አለ ቀጭኑ ብሩሽ። ከድመት ጭራ ጠጉር የተሠራ፣ ራሱን የሚያከብር ብሩሽ ነበር። «የስንቱን ቅዱስ ዐይን የከፈትኩ ነኝ!»

ብሩሾች ሲነጋገሩ ሰው አይሰማም፤ እጁ ግን ይሰማል። ጋሽ ይርዳው ቀጭኑን ብሩሽ አነሣና የአንዱን ወታደር ዐይን በጥቁር መስመር ከበበ። ግድግዳ የለመደ እጅ ሽምብራ በምታክል ራስ ላይ ምን ያድርግ? ዐይኑ ጆሮው ላይ ደረሰ። ሁለተኛውንም ወታደር ሠራ፤ እሱም ጅብ እንዳየ ሰው አፈጠጠ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ ፈረሰኛው።

«ሰባት» አለ ዝሆኑ።

«ስንቶቻችን ቀረን?»

«ሠላሳ።»

«ታዲያ ምን ቀረን? ምድጃው ቀረን!»

ጋሽ ይርዳው እጁ ዛለ። ውኃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ገባ። ይኼኔ ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔን የጠየቀኝ የለም።»

ብሩሽ የሚታጠብበት የጣሳ ውኃ ነበር፤ ጥቁር፣ ድፍርስ።

«አንተ እጣቢ አይደለህ እንዴ?» አለ ቀጭኑ ብሩሽ። «ሥራ ሲያልቅ የምትደፋ!»

«ነኝ። ግን የሰሞኑን ጥላሸትና ሙጫ ሁሉ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ቀጭን ነኝ፤ ዝቅ ወዳለ ቦታ እሮጣለሁ፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቀመጥ አልችልም። ሽብሽብ ባለበት ሁሉ እኔ ገብቼ እተኛለሁ።»

ከሁሉም ያነሰው ቀይ ወታደር ተጠጋ። «እኔ አፍንጫ አለኝ?»

«ጠራቢው ሠርቶልሃል። ቀለሙ ነው የዋጠህ።»

«ደርቄያለሁ?»

«ድርቅ ብለሃል።»

«አንተ ልጅ፣ ትቆሽሻለህ!» ብሎ ጮኸ ፈረሰኛው።

«ከምቃጠል ልቆሽሽ!» አለና ወታደሩ ጣሳው ውስጥ ጥልቅ!

ጋሽ ይርዳው ሲመለስ የአንድ ወታደር እግር ከእጣቢው ወጥቶ አየ። «ወይኔ ጉዴ!» ብሎ ጎትቶ አወጣውና በጨርቅ ጠረገው። ጠረገውና እያየው ቀረ። ጥቁሩ ከግንባሩ፣ ከአፍንጫው ጫፍ፣ ከጉንጩ ተነሥቷል፤ ከዐይኑ ጎድጓዳ፣ ከከንፈሩ መሐል፣ ከነጠላው ሽብሽብ ግን አልተነሣም።

«እንዴ! እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ነበርክ እንዴ!»

ሁለተኛውን ነከረ፣ አወጣ፣ ጠረገ፤ ፊት ወጣ። ሦስተኛውን ነከረ፣ አወጣ፣ ጠረገ፤ ጢም ወጣ። ነከር፣ ብቅ፣ ጥርግ! ነከር፣ ብቅ፣ ጥርግ! ጠረጴዛው ላይ ጫጫታ ሆነ።

«አፍንጫዬ ጎባጣ ነው!» አለ አንዱ በደስታ።

«እኔ ጥርስ አለኝ! ጥርስ አለኝ!»

ቀዩ ንጉሥ ይህን ሲያይ ቀናተኛ ልቡ ነደደ። «ወታደር ከእኔ ቀድሞ ፊት ያወጣል?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ቀለምዎ ገና እርጥብ ነው፤ ትንሽ ይታገሡ» አለው ትንሹ ወታደር።

«የሚታገሥ ሎሌ ነው!» አለና ንጉሡ ጥልቅ!

ጋሽ ይርዳው ሲያወጣው ቀዩ ሁሉ ጣሳው ውስጥ ቀርቷል። ጨርቁ ሲነካው የተረፈውም ተገፈፈ። ንጉሡ ውኃ የበዛበት ሽሮ መሰለ። ጋሽ ይርዳው ተናደደና በር ላይ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦት ሌሎቹን መንከር ቀጠለ። ሠላሳ አንዱ ሲያልቁ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ተጠግቶ ነበር። ንጉሥ የሌለው ሰንጠረዥ ደግሞ የለም።

ድንጋዩ ላይ አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቅ ነበር። «ጠጋ በል፣ እዚህ ጋ ይሞቃል» አለችው ለንጉሡ። «ለምን ታለቅሳለህ?»

«ጭቃ ሆንኩ።»

«እኔም ጭቃ ነው መልኬ። ግን ጀርባዬን እየው፣ ያበራል፤ ሆዴ ጨለማ ነው። ፀሐይ ከላይ ናት፤ የምታርፈው ጉብታ ላይ ነው። ጉብታህን ብቻ ደማቅ ቀለም አስነካ።»

ይህን ጎፈሬው ብሩሽ ሰማ። ጠጉሩ የተበታተነ፣ ከጠረጴዛ አቧራ ከማራገፍ በቀር ሥራ ያልነበረው አሮጌ ብሩሽ ነው። «ጉብታ ነው ያልሽው? እኔ ሌላ የት እደርሳለሁ! ጎድጓዳ ልግባ ብልስ ይኼ ጎፈሬ ያስገባኛል?» ብሎ ተንከባለለ፤ ተንከባለለና ለቅዱሳኑ አክሊል የተዘጋጀው ቢጫ ቀለም ላይ ወደቀ።

ጋሽ ይርዳው አነሣው። ቀለሙን በጨርቅ ጠረገለት፣ ደግሞ ጠረገለት፤ ብሩሹ ደረቅ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ንጉሡም ድንጋዩ ላይ ደርቋል። ጋሽ ይርዳው ተስፋ እንደቆረጠ ሰው ብሩሹን ንጉሡ ላይ ሸር፣ ሸር፣ ሸር አደረገው። ቢጫው ዘውዱን ነካ፤ የጢሙን ጫፍ ነካ፤ የካባውን ጠርዝ ነካ፤ ሌላውን አልነካም። ጭቃው ነሐስ ሆነ! መቶ ዓመት የነገሠ ነሐስ!

«ተነሡልኝ!» አለ ንጉሡ። ቆመው ስለነበር ማንም አልተነሣም።

እትዬ ዘርፈሽዋል የጠርሙስ ክዳኖቹን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ እያንኳኳች ደረሰች። በሩ ላይ ቆመች።

«ይርዳው፣ ያ ትንሹ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚገላምጠኝ?»

«የሰማውን ሰምቶ ነዋ!»

ሳቀች። «እነዚህ ሁለቱስ ምን አይተው ነው የደነገጡት?»

ቀጭኑ ብሩሽ ጨርቁ ሥር ተሸሸገ። እሷም ክዳኖቹን አጥሩ ሥር በትና ሠላሳ ሁለቱን በሰፌድ ወሰደች።

ጨዋታው ደራ። ጠጅ ቤቱ ሞላ። ቀዮቹን የያዙት የወንዝ ማዶው ሽማግሌ አንድ ወታደር ብቻ ቢያስበሉ የሚያሸንፉበት መንገድ ተከፈተላቸው። ሰው ሁሉ መንገዱን አየው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ትንሹን ቀይ ወታደር አነሡ፤ ወደ ዐይናቸው አስጠጉት።

«ስጡት እንጂ አባባ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ አንዱ።

«ይኼንን?» አሉ ሽማግሌው። «ፊቱን አየሁት እኮ!»

መለሱት። ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ አላገኙም፤ ተሸነፉ። ሲነሡም እየሳቁ ነበር።

ጥላ ቦታውን ሲያገኝ ፊት ይወጣል፤ ፊቱ የወጣ ደግሞ በቀላሉ አይበላም። እኔ ይኸው ነገርኳችሁ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ውኃ ያለው ያቀብለኝ።