የጓንጉል ጋቢ

አንዳንድ አባባል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ትርጉሙ ይሟልጣል። ይህኛውም እንዲሁ ሆኗል። ሰነፉ እግሩን ዘርግቶ ለመቀመጥ ይጠቅሰዋል፤ ባለጠጋው ድሃውን ዝም ለማሰኘት ይጠቅሰዋል። ሁለቱም ቀጣፊዎች ናቸው። አባባሉ የወጣው ከአንድ የቅዳሜ ገበያ ሲሆን ያወጣውም የጓንጉል ጋቢ ነው።

ጓንጉል ገበሬ ነበር። ምስጋና ከአፉ አይጠፋም። ሲነሳ ተመስገን፣ ሲያነጥስ ተመስገን፣ በልቶ ሲያገሳ ተመስገን። ስለ ምን እንደሚያመሰግን ቢጠይቁት ግን አንድ ነገር መጥራት አይችልም። ተመስገን ማለትና ማመስገን አንድ የሚመስለው ሰው ዛሬም ሞልቷል፤ ቃሉን ይደጋግማል እንጂ ዓይኑን አይከፍትም። ሚስቱ ደብሬ ዓይኗ ሳይደክም ጥጡን ራሷ ነድፋ፣ ክሩን ራሷ አክርራ ጋቢ አሠርታለት ነበር። ጓንጉል ለብሶት ይወጣል፣ ለብሶት ይገባል። ለዓመታት አንድ ቀን እንኳ ልብ ብሎ አላየውም።

በዚያ ቅዳሜ ደብሬ ጌሾ ልትሸጥ፣ እሱ ወሬ ሊሰማ ገበያ ወረዱ። ጓንጉል በሸማኔው በመኩሪያ ደጅ ላይ አንድ አዲስ ጋቢ ተሰቅሎ አየ። ነጭ ነው፤ እንደ ደረቅ ቆዳ ቀጥ ብሏል። ልቡ ተሰረቀ። የለበሰውን አውልቆ በዚህ ለውጠኝ አለ።

መኩሪያ አሮጌውን ጋቢ በጣቱ ዳሰሰና ሰውየውን ቀና ብሎ አየው። ሐቀኛ ሰው ነበርና እውነቱን ነገረው፤ አዲሱ ስስ የገበያ ፈትል እንደሆነ፣ ያደረቀውም የዱቄት ውሃ እንደሆነ፣ አሮጌው ግን ገና ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ።

«የገዛ ዕቃህን የምታጣጥል ምን ዓይነት ነጋዴ ነህ?» አለው ጓንጉል። «አልለውጥም በለኛ።»

«እኔስ ደስ ይለኛል። ኋላ እንዳትወቅሰኝ ብዬ ነው።»

ተለዋወጡ። ጓንጉል ሸማኔውን ያሞኘ መስሎት እየተጎማለለ ሄደ።

ከብት ተራ እንደ ደረሰ ካፊያ ጣለ። ዱቄቱ ሟሙቶ እንደ ሙቅ በአንገቱ ወረደ፤ ጋቢው ከሸሚዙ ጋር ተጣበቀ። የከብት ነጋዴዎቹ ሰውየው ተቦክቷል፣ እርሾ አምጡለት እያሉ ተሳሳቁ። ትከሻው ሲበርደው ነው አሮጌው ጋቢ ካፊያ አሳልፎ እንደማያውቅ ትዝ ያለው። ቀጥሎ የባሰ ነገር መጣበት። ደብሬ ዓይኗ ክር መለየት ካቆመ ቆይቷል። ያ ጋቢ ከሄደ ሌላ የሚፈትልለት የለም፤ ለእሷስ ምን ብሎ ይነግራታል?

እሷ ሳታየው እየሮጠ ተመለሰ። መኩሪያ አልተከራከረም። የራሱን ተቀበለና፣ ደንበኞች ጠርዛቸው እንዲታደስ ካመጧቸው አሮጌ ጋቢዎች ጋር የተቆለለውን አሳይቶ፣ «ያንተን ለይና ውሰድ» አለው።

ጓንጉል ፈዞ ቆመ። ሁሉም አንድ መሰሉት። አላወቅሁትም ማለት ቢያሳፍረው አንዱን መዝዞ ትከሻው ላይ ጣለ። ወዲያው ከበሩ ላይ አንዲት ባልቴት የጋቢውን ጫፍ ለቀም አድርጋ ሌባ ስትል ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ፤ የእሱም ጋቢ እዚሁ አለ የሚለውን መኩሪያን የሰማው የለም። የገበያውን ጠብ የሚዳኙት ሽማግሌ አያ ምህረቴ ተጠሩ።

«ያንተ ከሆነ ምልክቱን ተናገር» አሉት።

«ጋቢ ነው… ነጭ ነው።»

«ነጭነቱንማ እናያለን። ጥለቱስ?»

«ቀይ።»

ባልቴቷ ጋቢውን ዘርግታ ጥቁር ጥለቷን ለሕዝቡ አሳየች። ሰዉ ጓንጉልን ለማሰር ገመድ ይፈልግ ጀመር።

ጫጫታውን ሰምታ ደብሬ መጣች። ነገሩን ነገሯት። ከክምሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጋቢዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ከአንዱ ላይ እጇ ቆመ።

«ይሄ ነው። እዚህ ጋ ቋጠሮ አለ። አንተ በወባ ተኝተህ፣ እየተነሳሁ ሳይህ ክሩ እየተበጠሰብኝ የቀጠልኩት ነው። ጥለቱ ሰማያዊ ነው። ሙሽራ ሳለሁ ሰማያዊ ያምርብሻል ብለኸኝ ነበር።»

ጋቢው ሲገለጥ ጥለቱ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ።

ባልቴቷ ጓንጉልን ትክ ብላ አየችውና፣ «ልቀቁት፣ ሌባስ አይደለም፤ ዕውር ነው» አለች።

ጓንጉል ከሚስቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቋጠሮዋን በጣቱ ፈለጋት፤ አገኛት። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ አገኘ።

«ይቺስ የመቼ ናት?»

«የመጀመሪያ ልጃችን ድክ ድክ ያለ ጊዜ። እንዝርቴን ጥዬ ሮጥኩ።»

«ይቺኛዋስ?»

አጥፊ ለማሰር የተሰበሰበው ሰው ባልና ሚስት ሲጫወቱ ቆሞ መስማቱ ሰለቸውና እየሳቀ ተበተነ። ደብሬም ሳቋ መጣ፤ ጋቢውን በእርጥብ ትከሻው ላይ ደረበችለት። ጓንጉል ጫፉን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲገባው እየተሰማው፣ ለመነሳት አልቸኮለም። አያ ምህረቴ ግን በትራቸውን ተደግፈው ወደ ሸማኔው ዞር አሉና፣ «አየህ መኩሪያ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አሉት።