ቀርከሃው ያልለካው ቦታ

ትሁኔ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ እየተመላለስሽ ምንጩን ለክተሻል፤ የለካሽበት ቀን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ አንድ ነጥብ ሆኗል። ነጥቦቹን የሚያያይዘው መስመር ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥ ብሎ ይሂድ ወይስ ለስልሶ ይጠማዘዝ፣ የቱ ነው እውነቱ አልሽኝ። ለስላሳው እንደሚያምር፣ አለቃሽም እሱን እንደሚመርጥ ነገርሽኝ። እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ቦይ ግን አውቃለሁ። ቁጭ በይና ስሚ።

ቦይ የሚቀይስ ሰው ነበረ። ውኃ ከምንጭ እስከ ማሳ የሚሄድበትን መንገድ አጥንቶ ምልክት ያደርጋል፤ ሌላው ሰው ምልክቱን ተከትሎ ይቆፍራል። መሣሪያው አንዲት ጠባብ የእንጨት ገንዳ ነበረች። ውኃ ይሞላባትና መሬት ላይ ያስቀምጣታል። በደረቱ ተኝቶ ውኃው ወዴት እንዳዘነበለ ያያል። ልኩን ሲያገኝ እዚያው ችካል ይመታል። አምስት እርምጃ ይሄድና እንደገና ይተኛል። አገሩ ሁሉ አባ ችካል ይለዋል። እርሱ የቀየሰው ቦይ ውኃ አላደርስ ብሎ አያውቅም።

ቦዮቹ ግን መልክ አልነበራቸውም። ቋጥኝ ሲያጋጥማቸው ይታጠፋሉ፤ ትንሽ ጉድባ ሲያዩ ወደ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ። ወንዶቹ ጠላ ቤት ሲያገኙት፣

«አባ ችካል፣ ያን ቦይ ስትቀይስ ሆድ ቁርጠት ይዞህ ነበር እንዴ?» ይሉታል።

«ውኃው ደረሰህ አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል። ሲደርስ ግን ራሱ ዞሮበት ነው።»

አብሯቸው ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ ይከነክነዋል።

አንድ ዓመት በጋ ላይ፣ ከተራራው ሥር የሚኖሩ ገበሬዎች የላይኛውን ምንጭ አውርድልን ብለው መጡ። እሺ አለ፤ ቀንም ቆረጠላቸው። ቃሉን አምነው የሽንኩርት ችግኝ አፈሉ። ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ችግኙን ነቅለው ማሳው ላይ ተከሉት። ከመደብ ተነቅሎ የተተከለ ሽንኩርት ደግሞ በዚያ ፀሐይ ሦስት ቀን አይታገሥም። ሁሉም ያለውን ሁሉ በዚያ ሰው ቃል ላይ ተክሏል ማለት ነው።

ሰውየው አርጅቶ ነበር። ይህ የመጨረሻ ቦዬ ነው ብሎ አሰበ፤ የሚያምር ነገር ሠርቶ ማለፍ ፈለገ። ስለዚህ ዘዴ አበጀ። በየአምስት እርምጃው ይመታ የነበረውን ችካል በየሠላሳ እርምጃው አደረገው። ከዚያ ቀርከሃ ሰነጠቀ፤ ስንጥቆቹን ጫፍና ጫፋቸውን አስሮ እንደ ረጅም ገመድ አደረጋቸው፤ ከችካል ወደ ችካል እያስደገፈም አጎበጣቸው። ቀርከሃው ጎበጥ ቀና፣ ጎበጥ ቀና እያለ ተራራውን አቀፈው። ስብራት የለው፣ ማዕዘን የለው። ቆፋሪዎቹን «እሱን ተከተሉ» አላቸው።

ሥራው ቀለለ። በየአምስት እርምጃው ቆሞ መጠበቅ ቀረ። ከታች ሆነው የሚያዩት ሰዎች የሙሽራ ቅንድብ ይመስላል አሉ። የሰውየውም ስም በዚያው ሳምንት ተለወጠና አባ ቀርከሃ ሆነ። ደስ አለው። ገንዳዋን ከጥላ ሥር አስቀምጦ ረሳት።

አንድ ቦታ ላይ ተራራው እንደ ክርን ሾል ብሎ ይወጣል። ከክርኑ ወዲህ አንድ ችካል አለ፣ ከክርኑ ወዲያ አንድ ችካል አለ፤ በመካከሉ ምንም የለም። ቀርከሃ ደግሞ እንደ ክርን አይታጠፍም። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ዞረ፤ ወደ ቁልቁለቱ ወጣ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በታች የጌሾ ማሳ ያላት አንዲት ባልቴት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታይ ነበር።

«አባ ቀርከሃ፣ እዚህ ጋ ችካሉ የታለ?» አለችው።

«አያስፈልግም እትዬ። ቀርከሃው ያውቀዋል።»

«ቀርከሃው መቼ መጥቶ ለካው?»

«መስመሩ እንዴት እንደሚያምር አያዩም?»

«እኔማ አያለሁ፣ ዓይን አለኝ። የማያየው ውኃው ነው።»

ገንዳዋን አምጥቶ አንዴ ቢተኛ ነገሩ ያልቅ ነበር። አልተኛም። ቀርከሃው በጣም ያምር ነበርና።

ቀኑ ደረሰ። ሽንኩርቱ ከተተከለ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ጫፉ መጠውለግ ጀምሯል። ሰዎቹ ግን አላዘኑም። በማለዳ ከበሮ ይዘው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ምንጩ ወጡ። ሰውየውም ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። ምንጩ ተከፈተ። ውኃው ቅጠልና አቧራ እየገፋ በቦዩ ወረደ፤ ሰዉ እየዘፈነ ከጎኑ ሮጠ። አንደኛው ችካል አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። እስከ ስድስተኛው ድረስ የሚያቆመው አልነበረም።

ክርኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ቦታ ቦዩ ከሚቀጥለው ችካል ይልቅ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ውኃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ዞረ፣ ሞላ፣ አሰበ የሚያሰኝ ያህል ቆየ። ከዚያ የቦዩን ዳር ዘልሎ በባልቴቷ ጌሾ ላይ ወረደ።

ከበሮው ዝም አለ።

«እኔን ቅር አይለኝም» አለች ባልቴቷ። «ጌሾዬ ዛሬ ያለ ተራው ጠጣ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ቁልቁል ወደ ሽንኩርቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ሰውየው አየ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ቀረብ ብሎ በጆሮው አናገረው።

«ጋሼ፣ ቀላል ነው። ጥፋቱ የችካሉ ነው እንበል። ከክርኑ ወዲያ ያለውን ችካል ነቅለን ዝቅ እናድርገው፤ ከቀርከሃው ጋር ይስማማል። ውኃውም ያልፋል፣ መስመሩም አይበላሽም፣ የእርስዎም ስም አይነካም።»

ሰውየው ወደ ችካሉ ሄደ። በሁለት እጁ ያዘው። ለመንቀል ትንሽ ነበር የቀረው። ግን ያን ችካል የመታበት ቀን ትዝ አለው። እዚያ ተኝቷል፤ ጠጠሩ ደረቱን ወግቶታል፤ ውኃው በገንዳዋ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም በዓይኑ አይቷል። ችካሉ ዝቅ ካለ ከእርሱ በኋላ ያለው ቦይ ሁሉ ዝቅ ይላል፤ የላይኞቹም የሽንኩርት ማሳዎች ውኃው በታቻቸው ሲያልፍ እያዩ ይደርቃሉ። እጁን አነሣ።

«ይህ ችካል አይነቀልም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ይህን ለክቼዋለሁ። ያልለካሁት ያንን ነው።» ወደ ክርኑ አመለከተ። «መጥረቢያ ስጡኝ።»

ቀርከሃውን ጎትቶ አወጣው። እስሩን ፈታ፣ ድንጋይ ላይ አጋደመው፣ በክንድ በክንድ ልክ ቆረጠው። የእያንዳንዱንም ጫፍ አሾለ። ከዚያ ውብ መስመር አርባ ችካል ወጣ። ገንዳዋን ከጥላው ሥር አስመጣና ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ጭቃው ላይ በደረቱ ተኛ።

መጀመሪያ የሳቀችው ባልቴቷ ናት። «ኧረ አባ ችካል ተመለሰ» አለች። ከማሳዋ ዶማ አንሥታ መጣች። ከበሮ መቺው ከበሮውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ እጅጌውን ሰበሰበ። እርሱ በየአምስት እርምጃው እየተኛ ይመታል፣ እነርሱ ከኋላው ይቆፍራሉ። አዲሱ ቦይ ክርኑን ተጠግቶ፣ በቋጥኙ ሥር ተጨምቆ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ገብቶ ወጣ። መልኩ ያስቃል።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ውኃው ተለቀቀ። ክርኑ ጋ ሲደርስ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። ውኃው ታጠፈ፣ ገባ፣ ወጣ፣ የተከራከሩበትን ችካል ነክቶት አለፈ። ከዚያ ወዲያ የሚሮጠውን ሰው ማን ያዘው? ከበሮ መቺው ከበሮውን ያነሣው መንገድ ላይ ነው። አሮጌዎቹ ከወጣቶቹ እኩል ወረዱ። የመጀመሪያው ማሳ ሲጠጣ አፈሩ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሰውየው በመጨረሻ ደረሰ፤ ከአገጩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«አሁንም ሆድ ቁርጠት ይዞታል» አሉት ቦዩን እያሳዩ።

«ይዞታል» አለ። «ግን መጥቷል።»

ትሁኔ፣ ነጥቦችሽ ችካል ናቸው። እዚያ ቀን ቆመሽ፣ ጀሪካኑ እስኪሞላ ቆጥረሽ ያየሽው ነው። መስመሩ ቀርከሃ ነው። ማንም አልለካውም። ያሳየሽኝን ለስላሳ መስመር ልብ ብዬ አየሁት። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ምንጩ ቶሎ ቀንሷል፤ ጥርና መጋቢት እኩል ዝቅ ብለዋል፤ በየካቲት አልለካሽም። መስመሩ ቁልቁል የመጣበትን ሩጫ መግታት አቅቶት ከዜሮ በታች ወረደና ተመለሰ። ምንጩ በየካቲት ደርቆ፣ ይባስ ብሎ ውኃ የመጠጠ ይመስላል። በየካቲት በሬዎቼን ከዚያ አጠጥቻለሁ። ጠጥተው ተርፏል።

ቀርከሃውን አልጠላሁትም። ችካሎቹ ከተቀራረቡ እርሱም በልኩ ይተኛል። ችካል በሌለበት ግን የሚሄደው እንደ ጉብጠቱ ነው እንጂ እንደ መሬቱ አይደለም። ቀጥታውም መስመር ያልተለካውን አያውቅም፤ ቢሆንም ከሁለቱ ችካሎች በላይ ወይም በታች ወጥቶ አይዋሽም። ስለዚህ በቀጥታ አያይዣቸው። በየካቲት ላይ መስመሩን በነጠብጣብ አድርጊው፤ የሚያየው ሰው እዚህ ማንም አልቆመም ብሎ ይወቅ። አለቃሽ ነጥቡን ዝቅ አድርጊልኝ፣ መስመሩ ይመርልኝ ቢልሽ፣ እጅሽን ከችካሉ ላይ አንሺ።

ምንጩ አልደረቀም። ለዚህ ደስ ይበልሽ። የካቲት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ በየሳምንቱ አብረን እንወርዳለን፤ አንቺ ትቆጥሪያለሽ፣ ጀሪካኑን እኔ እይዝልሻለሁ።