የአንጓችን ልጅ ማን ክርስትና ያንሳት?

ቁጭ በሉ፣ አርፋችሁ። ሽንቱ የመጣበት ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይምጣ፤ ይሄ ይዘው የሚያዳምጡት ጨዋታ አይደለም። ለምን እንዳልኩ ኋላ ይገባችኋል። ሐመልማል፣ አንቺ ጻፊ። ስፈጥንብሽ ጎንተል አድርጊኝ እንጂ ከራስሽ እንዳትጨምሪ።

በአንድ ወቅት፣ ዛፍ የማይበቅልበት ሜዳ ላይ አንድ ገበያ ነበር። ቁጥቋጦ የለ፣ ጉድባ የለ፣ ሽንት ቤት የለ። ወንዱ ምን ቸገረው፣ ፊቱን ዞር ያደርጋል፣ አለቀ። ሴቷ ግን ጠዋት ከቤቷ እንደወጣች ጀምበር እስክትጠልቅ ይዛ ትውላለች። እንዳይመጣባት ብላ ውኃም በአፏ አይዞር። ጨዋ ሴት በጠራራ ፀሐይ አትሸናም ይባላላ! የታየች እንደሆነ ወሬዋ ቀድሟት ቤት ይገባል።

እዚያ ገበያ ጌሾ የምትሸጥ አንጓች የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች። ባሏ አላምረው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ይወርድና እዚያው ይከርማል፤ እሷ ብቻዋን ናት። ይቺን አንጓችን ሽንቷን ያቃጥላታል። ቶሎ ቶሎ ይላታል፣ ስትቀመጥ ጠብታ ነው። ከእምብርቷ በታች ይከብዳታል። ለቀቀኝ ስትል ደግሞ ይመለስባታል። ጤና ጣቢያ ትሄድና ሐኪሙ ወንድ ሲሆንባት "ወገቤን ነው" ትላለች፤ የወገብ ክኒን ይዛ ትመለሳለች። ወይ የጎረቤት ትርፍ ክኒን ትለምንና ሻል ሲላት ትተወዋለች፤ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። ሌላው ጊዜም አይቀር፣ ይመጣል።

ለማን ትናገር? ጥርስሽን ቢያምሽ ጉንጭሽን ትይዣለሽ፣ ሰው ያዝንልሻል። ይሄን የት ላይ ትይዢዋለሽ? ሲመሽ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የጎረቤት ቤት ሳቅ ትሰማለች፣ ከዚያ ገብታ በሯን ትዘጋለች።

ሰው ግን መመላለሷን አየ። ጨብጥ ነው ተባለ። ደጎቹ፣ ጨረቃ ላይ ሸንታ ነው አሉ። ክፉዎቹ ደግሞ፣ አዎ፣ ሱሪ የታጠቀች ጨረቃ ናት አሉ። ከዚያ ወዲያ ጌሾዋን ስትዘረጋ ግራና ቀኟ ባዶ ሆነ።

ከፊት ለፊቷ ጨው የምትሸጥ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። መካን ነሽ ብሎ ባሏ ጥሏት የሄደ። አንድ የገበያ ቀን አንጓች ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ስታያት፣ ደብሪቱ ጨውዋን ትታ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ገበያው መሐል እንደ መጋረጃ ቆመች።

"ተቀመጪ" አለቻት።

"ሰው ያያል።"

"እኔን ይይ።"

አዩዋታ! ፉጨቱ ቀለጠ። "የጨው ድንኳን" አሏት፣ ስሙም እንደ መዥገር ተጣብቆባት ቀረ። እሷ ግን በየገበያው ቀን ቆመች፤ ከቤቷም ውኃ በጆግ እያመጣች ጠጪ ትላታለች። አንጓች ውኃ ጠጣች፣ ይዛ መዋል ቀረላት፣ ሕመሙም እየራቃት ሄደ። አላምረው ለፋሲካ ሲመጣ ፊቷ ጠርቶ አገኘው። አጨዳው ሲደርስ ተመልሶ ወረደ፤ እሷም አርግዛ ቀረች።

ግን እርጉዝ ሆና ሕመሙ ተመለሰባት። አላምረው ከቆላ ሲመጣ ወሬው መንገድ ላይ ጠበቀው። አልጠየቃትም እኮ! ምኝታውን ጠቅልሎ ጎተራው ሥር አነጠፈ፣ ወደ አባቷ ቤት ትሸኝልኝ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ማንም ሳይጠራቸው እማማ ጥሩወርቅ መጡ። የመሪጌታው ሚስት ናቸው፤ መሪጌታ አርፈዋል፣ መቃብራቸው እዚያው ከግንቡ ጀርባ ነው። ልጆቻቸውም የሉም፣ አፈር በልቷቸዋል። በምርኩዛቸው ቆሙና "የዚች ልጅ ሕመም እኔንም ከሙሽርነቴ ጀምሮ ይዞኛል። እሷን የምታባርሩ ከሆነ እኔንም ከባሌ መቃብር አጠገብ አስነሡኝ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን ትተው ተነሡ። አላምረውም አቀርቅሮ ምኝታውን መለሰ። ግን በማግስቱ ሰው ምን አለ መሰላችሁ? ለካ መሪጌታም ጨብጣም ኖረዋል! እኒያ መልአክ የሚመስሉ ሰው ስማቸው በየጠላ ቤቱ ተጎተተ። እማማ ጥሩወርቅ ይሄን ሰሙ። ጠዋት ጠዋት መቃብሩን ሲስሙ፣ ሌላው ሰው ጸሎት መስሎት ያልፋል እንጂ፣ ይቅርታ ነው የሚለምኗቸው።

ይታይሽ ደግሞ ነበረች። እናቷ ሞተውባት በአክስቷ ቤት በእንግድነት የምትኖር፣ ቀለበት የታሠረላት፣ ሠርጓ የተቆረጠ ልጅ። አንድ ጠዋት ከጎረቤቷ ከአንጓች ቤት እሳት ልትጭር ብትገባ፣ አንጓችን ብርድ ብርድ እያላት ትንቀጠቀጣለች፣ ገላዋ ግን እሳት ነው። አላምረው እርሻ ላይ ነው። ይታይሽ ጋሪ ጠርታ ከተማ ሆስፒታል አደረሰቻት። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። ሐኪሙ ምንሽን ነው ሲላት አንጓች ልማዷ ነው፣ ወገቤን አለች።

"ሽንታችንን ያቃጥለናል" አለች ይታይሽ፣ ድምጿን ሳትቀንስ።

"ማንኛችሁን?"

"ሁለታችንንም።"

እሷን እንኳን ሊያቃጥላት! አንጓች ብቻዋን እንዳትሆን ነው። ሁለቱም ሽንት ሰጡ። የይታይሽ ንጹሕ ሆነ። የአንጓች ጀርሙ ተገኘ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገለው ተመረመረ። ሐኪሙም፣ ይሄ የብዙ ሴት ሕመም ነው፣ የሴት የሽንት መውጫ አጭር ስለሆነ ጀርሙ ቶሎ ይገባል፣ ከባለጌነት የመጣ አይደለም አላት። እርጉዝ ላይ ግን ዝም ከተባለ ኩላሊት ድረስ ይወጣል፣ ልጁንም ያስወርዳል፤ መድኃኒቱን ሲሻልሽ እንዳትተዪው፣ ጨርሺው ብሎ ሰጣት።

ለካ ወረፋው ላይ የይታይሽ እጮኛ አክስት ተቀምጣ ኖሯል። ሳምንቱ ሳያልቅ ቀለበቱ ተመለሰ። ይታይሽ፣ ዋሽቼ ነው ብትል ያምኗት ነበር፤ አላለችም። ከዚያ ወዲያ ደጃፏን የረገጠ አማላጅ የለም።

አንጓች በጤና ወለደች፣ ሴት። በሰማንያ ቀኗ ልጅቱን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እንግዲህ አንድ ልጅ አንዲት የክርስትና እናት ነው ያላት። የክርስትና ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በየዓመት በዓሉ በርሽን የምታንኳኳ፣ ስትታመሚ ውኃ የምታቀብልሽ፣ ስትሞቺ ደረቷን የምትመታልሽ። የደብሪቱና የእማማ ጥሩወርቅ ቤት ደግሞ ሲመሽ አንድ ኩባያ ነው የሚታጠብበት፤ ይታይሽም በሰው ቤት እንግዳ ናት።

ደብሪቱ፣ "እኔ ባልቆም ይቺ ልጅ አትፀነስም ነበር" አለች።

እማማ ጥሩወርቅ፣ "እኔ ባልናገር አባት አይኖራትም ነበር" አሉ።

ይታይሽ ብዙ አላወራችም። "እኔ ሁለታችንንም ብያለሁ፤ አሁንም ቃሌ ያው ነው" አለች፣ ሕፃኗን እያየች።

ቄሱ ውኃውን ባርከው፣ "የክርስትና እናቷ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። አንጓች ልጇን አቅፋ ቆመች። ለአንዷ ብትሰጥ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ወደ ብቸኝነታቸው ይመለሳሉ፤ የሰው ቤት ሳቅ ከደጃፍ ሲሰማ እንዴት እንደሆነ ከሷ የበለጠ ማን ያውቃል?

በሉ ፍረዱ። ገመናዋን የከለለችላት፣ የባሏን ስም የሠዋችላት፣ ወይስ ሠርጓን ያጣችላት? ልጅቱ ለማን ትገባለች? አትንጫጩ፣ አንድ በአንድ። እኔን ካላችሁኝማ ያቺን ሕፃን የምሰጣት ለዚያች… ማናት ከአጥሩ ወዲያ? አስካል ናት? ነጠላሽን ይዘሽ ቶሎ ነይልኝ ነው የምትለው? መጣሁ አስካልዬ፣ መጣሁ። ሐመልማል፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ፤ ጽሑፉን እዚህ ላይ ያዢልኝ፣ ልጅቱ የምትገባው ለ