የሌለችው ማሽን

ምላሱ ከመጋዙ የሰላ አንድ አናጢ አሮጌ የእንጨት መክተፊያ ማሽን ገዛ። የገዛት ሁሉ አዲስ ለማስመሰል ቀለም ሲደራርብባት ኖሮ፣ መለያ ቁጥሯ ከሥር ተቀብሯል። አናጢው ሦስት ቀን ሙሉ ቢፍቅ፣ አረንጓዴው ሲነሳ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሲነሳ ቀይ ብቻ ሆነበት።

የሥራ ፈቃድ ሰጪው አቶ ጓንጉል ከረባታቸውን እያስተካከሉ መጡና፣ «ቁጥሯ የታለ?» አሉ።

«እየፋቅሁ ነው ጌታዬ፤ እስከዚያው ልሥራባት።»

«ቁጥር የሌላት ማሽን በመንግሥት ፊት የለችም! ለሌለ ነገር ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። የለችም ብዬ እጽፋለሁ!»

አናጢው ማሽኗን አስነሳና አንድ ግንዲላ አጎረሳት፤ ባፍታ ከትፋ ተፋችው። ከዚያ ለጥ ብሎ እጅ ነሣና፣

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ከመጻፍዎ በፊት በዚያችው በሚጽፉባት እጅዎ ጉሮሮዋን ዳበስ ያድርጉና አለመኖሯን ያረጋግጡልኝ» አላቸው።