የልብስ ሰፊው ዝንቦች

«አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ» አሉ የኔታ። የተጠየቁት ግን ስለ ልብስ አልነበረም።

ጠያቂው ዲያቆን ኅሩይ ነው። አይቶት በማያውቀው ሩቅ የቆላ ደብር ሰባኪ ሆኖ ተመድቦ፣ ለጉዞው አራት ቀን ቀርቶታል። ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ አርባ ስብከት ጽፎ ጨርሷል። ደብተሩን በሁለት እጁ አቀረበና «የኔታ፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ላስቀድም?» አላቸው። የኔታ ደብተሩን ተቀብለው ክብደቱን በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉና፣ ሳይከፍቱት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ነው ስለ ልብስ ሰፊው የጀመሩት።

ይህ ልብስ ሰፊ በከተማው የታወቀ ባለሙያ ነበረ። የሙሽራው ሱፍ ከእሱ መኪና ካልወጣ ሠርጉ ሠርግ አይመስልም ይባልለታል። አንድ የማይለቀው ደንብ ነበረው፤ ደንበኛው ማንም ይሁን ማን፣ አቁሞ በሜትር ሳይለካው ጨርቅ አይቆርጥም። «ቁመናዬ ልክ እንደ ወንድሜ ነው፣ እሱን ለካው» ያለውን ሰው ከነጨርቁ መልሶታል።

አንድ የውጭ አገር ደንበኛው ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በስጦታ ትቶለት ሄደ። ይህ ዘንግ በትል የሚያጠምዱበት ዓይነት አይደለም። መንጠቆው ላይ በላባና በክር ዝንብ የመሰለ ነገር ይታሰርና ውሃው ላይ ይወረወራል፤ ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይጎርሰዋል። እንግዲህ ላባና ክር ሲባል የልብስ ሰፊ እጅ አያርፍም። ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ሰውየው ዝንብ ያስራል። የአውራ ዶሮ ላባ፣ የቆቅ ላባ፣ ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ የወርቅ ክር፣ ምንም አይጥልም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ዝንብ ሠርቶ በሳጥን ደረደረ። ሚስቱ «እኔ እውነተኞቹን ከቤት አባርሬ አልጨረስሁ፣ አንተ ደግሞ ታመርታለህ» ትለው ነበር።

ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው አንድ ነበረው። ክንፉ ሰማያዊ፣ ጅራቱ የወርቅ ክር፣ መንጠቆው እንደ ሌሎቹ ቀጭን ሳይሆን ትልቅ ዓሣ የሚችል ወፍራም። አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶበታል። ስሙን «ሙሽራው» አለው።

በመጨረሻ ለአሥር ዓመት ዘግቶት የማያውቀውን ሱቅ ለአንድ ሳምንት ዘጋና፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው ወንዙን እስኪሸፍኑት ድረስ ጫካው ጥቅጥቅ ወዳለበት ምድር ወረደ። ወንዙ ዳር ሲደርስ አንድ ባለ ታንኳ ሽማግሌ ተቀበሉት። ሁለቱን ሻንጣ፣ ጆንያውንና ሳጥኑን አዩና «ታንኳዬ የሚችለው አንተንና አንድ ዕቃ ነው፤ ምረጥ» አሉት።

ልብስ ሰፊው ረፋዱን ሙሉ ሲመርጥ ቆየ። ብርድ ልብሱን ተወ። የዝናብ ካፖርቱን ተወ። ሚስቱ የቋጠረችለትን በሶ እንኳ ትቶ፣ ዘንጉን «ይህ እንኳ ዕቃ አይባልም» ብሎ በትከሻው አድርጎ የዝንቡን ሳጥን ታቀፈ።

«የምትበላውስ?» አሉት ሽማግሌው።

«ዓሣ እበላለሁ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አነሱ።

በዚያ ወንዝ ዳር የኖረ ደንብ አለ። እንግዳን ሁለት ቀን የተቀበለው ቤት ያበላዋል፤ በሦስተኛው ቀን እንግዳው ከወንዙ ዓሣ አውጥቶ ቤቱን ያበላል። ካበላ የወንዙ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ የፈለገውን ያህል ይሰነብታል፣ በየዓመቱም ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል። ካላበላ ግን በማግስቱ ጠዋት ስንቁን ቋጥረው፣ መርቀው ይሸኙታል። ማንም አይቆጣውም፤ ዳግመኛ የሚያሻግረው ታንኳ ግን የለም። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ሳጥኑን መታ መታ አድርጎ ሳቀ።

የመጀመሪያውን ቀን ሳይስቅ ዋለ። ዝንቡን አሳምሮ ይወረውራል፣ ዓሣው ብቅ ይላል፣ ያያል፣ ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ስልሳ ዝንብ ቀያየረ፤ ስልሳውም ታይተው ተመለሱ። የሽማግሌው ባለቤት ምሳውን ይዘውለት ሲመጡ ሳጥኑን ከፍተው አደነቁለት። «ይኼ እንኳ ለልጅ ልጄ የጸጉር ጌጥ ይሆን ነበር» አሉ፣ ከልባቸው ነው። እሱ ግን ምሳውን ወደ ጎን ትቶ ሌላ ዝንብ ወረወረ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ሲሆን የቀረው ሙሽራው ብቻ ነበር። አሰረውና ወረወረው። ከሥር አንድ እንደ ክንድ የረዘመ ዓሣ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ሙሽራውን ዙሪያውን አየው፣ ቀስ ብሎም ወረደ። ልብስ ሰፊው ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሦስት ዓመት ድካሙ በአንድ ከሰዓት ሊያልቅ ነው። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ እነዚህ ዓሦች ለመሆኑ ምን ይበላሉ?»

«ይህን እስክትጠይቀኝ ነው ሦስት ቀን የጠበቅሁህ» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?»

«ሳጥኑን ታቅፈህ ስትመጣ የምትሰማ አልመሰለኝም። አሁን ዝም በልና አድምጥ።»

አደመጠ። ጫካው ጸጥ ሲል አንድ ድምፅ ሰማ፤ ጡብ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጡብ። ቀና ሲል ወንዙ ላይ ያጎነበሰ ትልቅ የሾላ ዛፍ አየ። የበሰለው ፍሬ ከቅርንጫፉ እየተለቀቀ ውሃው ላይ ይወድቃል፤ ገና ከመውደቁ ውሃው ይናወጥና ፍሬው የለም። ያ ሁሉ ዓሣ ለዝንብ ደንታም አልነበረው፤ ሾላ ለቃሚ ነው።

ልብስ ሰፊው ግንባሩን መታ። ደንበኛውን ሳይለካ ሁለት መቶ ልብስ ሰፍቶ መጥቷል። ይህን ስህተት ሌላ ሰው ቢሠራው ከሱቁ ያስወጣው ነበር።

ፈጥኖ ተነሣና ከዳር የወደቀ ሾላ አነሣ። ከልማዱ የተነሣ ሜትሩ ከኪሱ አይለይም፤ አወጣና ፍሬውን ዙሪያውን ለካው፣ ቁመቱንም ለካው። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ መቀሱን አወጣ። ያን ፍሬ የሚያህል ነገር የሚሸከም መንጠቆ ያለው ሙሽራው ብቻ ነው። ሰማያዊ ክንፉን ቆረጠ፣ የወርቅ ጅራቱን ቆረጠ፣ ላባውን መንጠቆው ራቁቱን እስኪቀር ድረስ ላጨው። የለበሰው ሹራብ ቀላ ያለ፣ የሾላ መልክ ያለው ነበር። ጫፉን ተረተረና መንጠቆው ላይ ጠቅልሎ ጠቅልሎ፣ እንደ ፍሬው አድቦልቡሎ ቋጠረው። መልኩ አያምርም። ሚስቱ ብታየው የአሮጌ ሹራብ ቁልፍ ነው ትል ነበር።

ወረወረው። ጡብ አለ። ውሃውም ተናወጠ።

ያን ቀን ሽማግሌው ቤት አሥራ አንድ ሰው ዓሣ በላ። ሰውየው የጎደለ ሹራቡን ለብሶ መካከላቸው ተቀምጧል፤ በቀረው ሳምንት የሹራቡ ወገብ ወደ ደረቱ እየወጣ ሄደ። ሰማያዊውን ክንፍና የወርቁን ጅራት ለሽማግሌው የልጅ ልጅ ጸጉሯ ላይ አሠሩላት፤ እንደተባለውም አማረባት።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ኅሩይ ዞሩ።

«ወንዙ የምትሄድበት ደብር ነው፣ ልጄ። ሳጥኑ ይኸው ጉልበቴ ላይ ያለው ደብተርህ ነው። አርባ ልብስ ሰፍተህልኛል፤ የሚለብሰውን ሰው ግን አላየኸውም። አንተ ስለ ባለጸጋ ስስት ትጽፍ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ በድንበር ተጣልተው የማይነጋገሩ ወንድማማቾች ይሆናሉ። ደብተሩን አትጣለው፤ መንጠቆው ከውስጡ ነው የሚገኘው። ብቻ ስትደርስ አትቸኩል። ለቅሶ ቤታቸው ተቀመጥ፣ እርሻቸው ዳር ቁም፣ ምን እንደሚወድቅላቸውና ምን እንደሚጎርሱ አድምጥ። የዚያን ጊዜ ሜትርህን አውጣ።»

ኅሩይ ፈገግ እያለ «የኔታ፣ ግን የትኛውን ላስቀድም ላልሁት መልስ አልሰጡኝም» አለ።

«ከአርባው አስበልጠህ የምትወደው ስንተኛውን ነው?»

«ሰባተኛውን። አንድ ወር ሙሉ ነው የጻፍሁት።»

የኔታ ደብተሩን መለሱለት።

«እንግዲያው መቀሱን ከሰባተኛው ጀምር» አሉት።